ጄኔቫ ለሚሄድ እንግዳ፦ ትኬቱ፣ ትራሙና ድንበሩ

ጄኔቫ ትንሽ ከተማ ናት። የነዋሪዋ ቁጥር 200 ሺህን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስሟ ግን ትልቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ዋና ጽሕፈት ቤት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም ሥራ ድርጅት፣ የዓለም ንግድ ድርጅት፣ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ለስብሰባና ለሥልጠና ወደዚያ የሚሄደው የአገራችን ሰው ብዙ ነው። ከመሄዱ በፊት የሚነገረው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ «ጄኔቫ አትቀመስም፣ ኪስ ታራቁታለች።»

ምግቡና ሆቴሉ እውነትም አይቀመስም። መጓጓዣው ላይ ግን ወሬው ልክ አይደለም። አሠራሩን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ ተመልሶ እስኪሳፈር ድረስ ለትራንስፖርት አንድ ፍራንክ ሳያወጣ ሊከርም ይችላል። ያልተረዳው ደግሞ ገና የመጀመሪያው ቀን ላይ የውሎ አበሉን ጥሩ ቁራጭ ለታክሲ ሰጥቶ ሆቴሉ ይገባል። ከአየር ማረፊያው መሀል ከተማ ለመድረስ ታክሲ ከ30 ፍራንክ በላይ ያስከፍላል። ባቡሩ ወደ 3 ፍራንክ ነው፤ የሚፈጅበትም 7 ደቂቃ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስለ መግቢያው። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ግን የሼንገን ስምምነት ውስጥ ገብታለች። ስለዚህ ቪዛው የሼንገን ቪዛ ነው፣ ገንዘቡ ግን ዩሮ ሳይሆን የስዊስ ፍራንክ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ጄኔቫ ይበራል። በእሱ ከሄዱ የፓስፖርት ቁጥጥሩን የሚያልፉት ጄኔቫ ላይ ነው። በፍራንክፈርት ወይም በሌላ የሼንገን ከተማ በኩል ከሄዱ ግን ቁጥጥሩ የሚያልቀው እዚያ፣ መጀመሪያ ባረፉበት ከተማ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ በረራ ይቆጠራል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው አውሮፕላን በሚቀይሩበት ቦታ የሚቆዩበትን ሰዓት ለመምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የሼንገን አገሮች በፓስፖርት ማህተም ፈንታ የመንገደኛውን መረጃና የፊት ፎቶ በኮምፒውተር መመዝገብ ጀምረዋል። ሰልፉ ሊረዝም ስለሚችል የአንድ ሰዓት ማገናኛ በረራ ባይቆርጡ ይመረጣል።

አደራ የሚያደርስ ሰው ደግሞ ይህን ይስማ። ሥጋና የወተት ውጤት ከኢትዮጵያ ወደ ስዊዘርላንድ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቋንጣውም፣ ንጥር ቅቤውም፣ አይቡም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ። እናት አስባ ያዘጋጀችው ነገር ጉምሩክ ላይ ሲጣል ማየት ያማል። ከመነሻው «አይፈቀድም» ብሎ መናገሩ ይሻላል።

አየር ማረፊያው ለከተማው በጣም ቅርብ ነው። የባቡር ጣቢያው ከመድረሻ አዳራሹ አጠገብ ስለሆነ ሻንጣዎን እየጎተቱ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳሉ። እንግዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው «የትኛው ባቡር ነው የኔ?» ብሎ ነው። እዚህ ላይ መጨነቅ አያስፈልግም። የአየር ማረፊያው ጣቢያ የሐዲዱ መጨረሻ ነው። ከዚያ የሚነሳ ባቡር ሁሉ፣ መድረሻው ዙሪክም ይሁን ሎዛን፣ በጄኔቫ ዋና ጣቢያ በኩል ያልፋል። ዋናው ጣቢያ ኮርናቫን ይባላል። መጀመሪያ የሚነሳው ላይ ይሳፈሩ። ፉርጎው በር አጠገብ «1» ወይም «2» ተጽፏል፤ ተራ ትኬት የያዘ ሰው የሚገባው «2» የተጻፈበት ነው። ይህን ሳያዩ አንደኛ ማዕረግ ላይ መቀመጥ ቅጣት ያመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ትኬቱ። አዲስ አበባ ላይ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ታክሲ ስንቀይር በየተሳፈርንበት እንከፍላለን። ጄኔቫ ላይ ክፍያው ለተሽከርካሪው አይደለም። የሚከፍሉት ለሰዓትና ለክልል ነው። አንድ ትኬት ከገዙ 60 ደቂቃ ሙሉ በከተማው ክልል ውስጥ የፈለጉትን ይሳፈራሉ። ከባቡር ወርደው ትራም፣ ከትራም አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ የሐይቅ ጀልባ። ወደ መጡበት መመለስም ይፈቀዳል፣ ሰዓቱ እስካላለቀ ድረስ። ይህን የጋራ ትኬት የሚያስተዳድረው ዩኒሬሶ የሚባለው ማኅበር ነው። የከተማው ክልል ዞን 10 ይባላል፤ አየር ማረፊያውም እዚሁ ውስጥ ነው። ማሽኑ ላይ «ቱ ጄኔቭ» የሚል ያዩታል፤ መላው ጄኔቫ ማለት ነው።

የአንድ ሰዓቱ ትኬት ወደ 3 ፍራንክ ነው። ለጥቂት ፌርማታ ብቻ የሚሆን ወደ 2 ፍራንክ የሚሸጥ አጭር ትኬትም አለ። የቀን ትኬት ወደ 10 ፍራንክ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ብቻ የሚሠራውን ከመረጡ ደግሞ ዝቅ ይላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በቀን ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ የቀኑን ይግዙ። ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አይከፍሉም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሆቴሉ ካርድ ነው። ጄኔቫ ውስጥ በሆቴል ወይም በሆስቴል የሚያድር እንግዳ ለሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ነፃ የትራንስፖርት ካርድ ያገኛል። ካርዱ ዞን 10ን በሙሉ ይሸፍናል። አሁን የሚሰጠው በስልክ ነው። ከመድረሻዎ ጥቂት ቀን በፊት በኢሜይል ሊንክ ይመጣል፣ ከፍተው ስምዎን ይሞላሉ፣ ካርዱ በኪውአር ኮድ ስልክዎ ላይ ይቀመጣል። አስቀድሞ ካወጡት ከአየር ማረፊያው ለሚሳፈሩበት ባቡርም ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሊንኩ የሚላከው ሆቴሉን ለያዘው ሰው ኢሜይል ነው። ለስብሰባ የሚሄድ ሰው ክፍሉን የሚይዝለት ብዙ ጊዜ ጋባዡ ድርጅት ነው። እናም ሊንኩ አንድ የቢሮ ኢሜይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ እንግዳው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሳያውቅ ሳምንቱን ሙሉ ትኬት ሲገዛ ይከርማል። ስለዚህ ከመነሳትዎ ሦስት አራት ቀን በፊት ለሆቴሉ ራስዎ ይጻፉ። «የትራንስፖርት ካርዴን በዚህ ኢሜይል ላኩልኝ» ማለት ብቻ በቂ ነው። ካልደረሰዎት ሪሴፕሽን ላይ ከመጠየቅ አይቦዝኑ፤ እንግዳ የከፈለው የማደሪያ ግብር መልሶ የሚያመጣለት ጥቅም ነው እንጂ ችሮታ አይደለም። ዘመድ ቤት የሚያርፍ ሰው ግን ይህን ካርድ አያገኝም። የግል ቤት የሚከራይ ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱን ይጠይቅ።

ትኬት ለመግዛት ወደየፌርማታው ማሽን ይሂዱ ወይም አፕ ይጠቀሙ። የከተማው ትራንስፖርት ድርጅት ቲፒጂ ይባላል፤ የራሱ አፕ አለው። የስዊዘርላንድ ምድር ባቡርም አለው፤ በሱ የከተማውንም የአገሩንም ትኬት መግዛት ይቻላል። ካርድዎ ከአገር ውጭ የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ መሆኑን ግን ከአዲስ አበባ ሳይወጡ ያረጋግጡ። ለክፉ ቀን ትንሽ የፍራንክ ሳንቲም ኪስ ውስጥ ቢኖር አይጎዳም።

ትራሙ ውስጥ ረዳት የለም። ሹፌሩም ትኬት አይሸጥም። በር ላይም የሚቃኝ ማሽን ወይም የሚዘጋ ብረት አያገኙም፤ ገብተው መቀመጥ ብቻ ነው። ይህን አይቶ «ማን ያየኛል» ማለት አደገኛ ነው። ተቆጣጣሪዎች ድንገት ይገባሉ፣ አንዳንዴም ተራ ሰው መስለው። ቅጣቱ 100 ፍራንክ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። «እንግዳ ነኝ፣ አላወቅኩም» ብሎ መማጸን አያዋጣም። ትኬት ከመሳፈር በፊት ነው የሚገዛው፣ በአፕ ቢሆንም። ተቆጣጣሪውን ካዩ በኋላ የተገዛ ትኬት ሰዓቱ ራሱ ያጋልጣል።

ሌላው በሩ ነው። ትራሙ ቆሞ በሩ ካልተከፈተ ተበላሽቶ አይደለም፤ ቁልፉን መጫን የእርስዎ ድርሻ ነው። ከውጭም ከውስጥም በሩ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ክብ ቁልፍ አለ። መጀመሪያ የሚወርዱት ይወርዳሉ፣ ከዚያ ይገባል። ፌርማታው ላይ ያለው ሰሌዳ መስመሩን በቁጥር፣ መድረሻውን በስም፣ የቀረውን ጊዜ በደቂቃ ያሳያል። ቁጥሩን ብቻ አይመልከቱ። 15 ቁጥር ሁለት አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ይወስዳል፣ ሌላው ወደ ተቃራኒው። የመጨረሻውን ፌርማታ ስም ማየት ነው መፍትሔው። ሰዓቱ ደግሞ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 14:30 ካለ በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ጄኔቫ በክረምታቸው ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት።

ከተማዋን ለመረዳት ውሃውን መያዝ ይበቃል። ሌማን ሐይቅ እዚህ ያበቃል፣ ሮን ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ ከተማውን ለሁለት ይከፍላል። በአንድ በኩል ኮርናቫን ጣቢያ፣ አየር ማረፊያውና የድርጅቶቹ ሰፈር አሉ። በሌላው በኩል አሮጌው ከተማ፣ ፕላንፓሌ የሚባለው ሰፊ አደባባይና ካሩዥ ይገኛሉ። በመካከል ድልድዮች አሉ፤ ትልቁ የሞን ብላን ድልድይ ነው። ከኮርናቫን እስከ ድልድዩ በእግር 10 ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ ብዙ ቦታ ትራም ሳይጠብቁ መድረስ ይቻላል። አሮጌው ከተማ ግን አቀበት ላይ ነው፤ ጉልበት ለሚያስቸግረው ሰው 36 ቁጥር ትንሿ አውቶቡስ ሽቅብ ታወጣለች።

ስብሰባ ያለበት ሰው የሚይዛቸው ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ከኮርናቫን ወደ ተባበሩት መንግሥታት ግቢ 15 ቁጥር ትራም፣ መውረጃው «ናሲዮን»። ወደ ዓለም ጤና ድርጅት 8 ቁጥር አውቶቡስ። ሆቴሉ ድርጅቶቹ ሰፈር የሆነ ሰው ደግሞ ከአየር ማረፊያው በ5 ቁጥር አውቶቡስ ኮርናቫን ሳይደርስ ናሲዮን መውረድ ይችላል። የሴርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከልን ማየት ለሚፈልግ 18 ቁጥር ትራም መጨረሻው እዚያው በር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተው የጎብኚዎች ማዕከል መግቢያው ነፃ ነው፤ ሰኞ ግን ዝግ ነው።

ጀልባውን አይለፉት። ሙኤት የሚባሉት ቢጫና ቀይ ትንንሽ ጀልባዎች እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ ሰው ከዳር ወደ ዳር ያሻግራሉ። የሚሠሩት በዚያው በአውቶቡሱ ትኬት ወይም በሆቴሉ ካርድ ነው። ከፓኪ ተሳፍረው ወደ ኦቪቭ ሲሻገሩ በስተቀኝ የሞን ብላን ድልድይ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ያ ታዋቂው ፏፏቴ ይታያል። ውሃው በሰከንድ 500 ሊትር እየተተፋ እስከ 140 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። ነፋስ ሲበረታ ስለሚዘጉት ካላዩት ሌላ ቀን ይሞክሩ። ሰዎች ለዚህ ዕይታ የሽርሽር ጀልባ ከፍለው ሲሳፈሩ ሳይ ይቆጨኛል። ትልልቆቹ ነጫጭ መርከቦች ሌላ ድርጅት ናቸው፤ ለረጅም ጉዞ የራሳቸው ትኬት አላቸው። ከትንንሾቹ ጋር አያምታቷቸው።

ኢትዮጵያዊ እንግዳ በዚህች ከተማ የሚፈልገው አንድ ሌላ ቦታ አለ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ አቤት ያሉበት አዳራሽ። የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያውኳቸው ሞክረዋል። አብዛኛው ሰው ይህ የሆነው ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ባለበት ፓሌ ዴ ናሲዮን ውስጥ ይመስለዋል። አይደለም። ያኔ የዚያ ሕንፃ ትልቁ የጉባኤ አዳራሽ ገና አልተመረቀም ነበር። ጉባኤው ይሰበሰብ የነበረው ከወንዙ ማዶ፣ ባቲማ ኤሌክቶራል በሚባል የከተማው የምርጫ አዳራሽ ነው። ያ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1964 ተቃጠለ። በቦታው ዛሬ የቆመው ዩኒ ዱፉር የሚባለው የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የሲሚንቶ ሕንፃ ነው። መድረሻው ቀላል ነው፤ በ12 ቁጥር ትራም ፕላስ ደ ኖቭ ይወርዱና ጥቂት ይራመዳሉ። ከፓርክ ዴ ባስቲዮን ጋር አያይዘው ቢያዩት አንድ ከሰዓት ይበቃል። 12 ቁጥር ራሱ ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ከፕላስ ደ ኖቭ ወደ ካሩዥ በፈረስ ይሳብ የነበረው መስመር ነው። ፓሌ ዴ ናሲዮንንም መጎብኘት ይቻላል። ግን ዝም ብሎ መግባት የለም፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብና ፓስፖርት መያዝ ያስፈልጋል።

አሁን ድንበሩ። ካርታ ላይ ሲያዩት የጄኔቫ ካንቶን ፈረንሳይ ውስጥ የተሰካ ነው የሚመስለው። ከፈረንሳይ ጋር ያለው ድንበር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከተቀረው ስዊዘርላንድ ጋር የሚያገናኘው ከ5 ኪሎ ሜትር ያንሳል። ከ100 ሺህ በላይ ሰው በየቀኑ ከፈረንሳይ እየተሻገረ ይሠራል። ሆኖም ከኮርናቫን ከተማውን አቋርጦ ወደ ፈረንሳይ የሚያልፍ ሐዲድ ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ስምምነቱ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ባቡሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2019 ነው። ስሙ ሌማን ኤክስፕሬስ ነው። ዛሬ ከኮርናቫን ተነስቶ በ20 ደቂቃ ገደማ የፈረንሳይዋ አነማስ ይደርሳል። 17 ቁጥር ትራምም እዚያው ይሄዳል።

ይህ ለእንግዳ ምን ይጠቅመዋል? ሆቴል። አነማስ ወይም ፌርኔ ቮልቴር ላይ ማደሪያው ከጄኔቫ በእጅጉ ሊረክስ ይችላል። ቪዛው ያው ሼንገን ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ መግባት የሚፈቅድ ቪዛ የያዘም ሰው ያለ ስጋት ይመላለሳል። ፓስፖርቱን ግን ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ አልፎ አልፎ ፍተሻ አለ። ከመወሰንዎ በፊት ሦስት ነገር ይደምሩበት። አንደኛ፣ ፈረንሳይ ያለ ሆቴል የጄኔቫን ነፃ ካርድ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ የዞን 10 ትኬት ድንበሩ ላይ ያበቃል፤ ሁለቱን ወገን የሚሸፍን ትኬት መግዛት አለብዎት፣ እሱም ይወደዳል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ሁልጊዜ የመድረሻውን ስም መርጠው ይግዙ። ሦስተኛው ስልክ ነው። ስዊዘርላንድ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ስለሆነች «አውሮፓን ሁሉ» የሚል ሲም እሷን ላይጨምር ይችላል። ፈረንሳይ የሚያድር፣ ጄኔቫ የሚውል ሰው በዚህ ብቻ ዳታው ሊያልቅ፣ ትኬት የሚገዛበትን አፕ መክፈት ሊያቅተው ይችላል። ሲም ሲገዙ ስዊዘርላንድ በስም ተጠቅሳ እንደሆን ይዩ። ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ቆይታ እኔ ጄኔቫ ውስጥ ማደሩን እመርጣለሁ። ከሳምንት በላይ ለሚቆይና በራሱ ገንዘብ ለሚያድር ሰው ግን የፈረንሳዩ ወገን ያዋጣል።

ፈረንሳይን ለማየት ብቻ ለሚሻገር ደግሞ ሳሌቭ ተራራ አለ። 8 ቁጥር አውቶቡስ ቬሪዬ ድንበር ላይ ያወርዳል፣ ጥቂት በእግር ሄደው የሽቦ ላይ መኪናው ጋ ይደርሳሉ። እላይ ሲወጡ ከተማውም፣ ሐይቁም፣ ፏፏቴውም ከእግርዎ ሥር ናቸው። ጭጋግ ያለበት ቀን ግን ገንዘብዎን አያባክኑ።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። የሚገዛ ነገር ካለ ቅዳሜ ይጨርሱ፤ ያለዚያ ክፍት የሚያገኙት ኮርናቫን ጣቢያና አየር ማረፊያው ውስጥ ያሉትን ነው። የሆቴል ክፍል ውስጥ ያለው ሶኬት የስዊዝ የራሱ ዓይነት ነው፤ ቀጭኑ ባለ ሁለት እግር ቻርጀር ይገባል፣ ወፍራሙ ክብ ግን አስማሚ ይፈልጋል። ውሃ በብር አይግዙ። በየመንገዱ ያሉት ፏፏ የሚሉ ቧንቧዎች፣ «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍ ከሌለባቸው በቀር፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ናቸው።

የመመለሻው ቀን ነገር ቀላል ነው። የሆቴሉ ካርድ የሚወጡበትንም ቀን ይጨምራል፤ ስለዚህ ክፍሉን ካስረከቡ በኋላም እስከ አየር ማረፊያው በሱ ይሄዳሉ። በየጥቂት ደቂቃው ባቡር አለ፤ ሰሌዳው ላይ «ኤሮፖር» የሚለውን የሐዲድ ቁጥር ይከተሉ። ጠዋት በማለዳ ወይም ማታ አምሽቶ የሚበር ሰው ግን የመጀመሪያና የመጨረሻ ባቡር ሰዓቱን ከዋዜማው አፑ ላይ ይመልከት፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ በኋላ እስከ ንጋት የሚሠራው ጥቂት ነው፣ የሌሊት አውቶቡሶችም በብዛት የሚወጡት አርብና ቅዳሜ ነው። በዚያ ሰዓት ብቻ ታክሲ ቢይዙ ገንዘቡ አያስቆጭም።